ባዳ ጆሮ

ሰኞ 3

ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ። ሰው ይክዳል፣ ወረቀት አይክድም። ይህን ደብተር ለሥራ ነው የገዛሁት ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ለሥራ ነው።

አንደኛ፦ በዚህ ቤት ሹክሹክታ ገብቷል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለቤቴና ልጄ እንደ ሰው መነጋገር ትተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። «ምን አላችሁ?» ስል «ምንም» ይሉኛል። «ምንም» የምትለዋን ቃል ብቻ ጮክ አድርገው ነው የሚናገሯት።

ሁለተኛ፦ በሥራ ቦታ ምልክቴን የሚያንቀሳቅስብኝ ሰው አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ውሃ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ መኪና ሳይበዛ፣ የብረት ዘንጌን አስፋልቱ ላይ ተክዬ ጫፉን ጆሮዬ ላይ አሳርፋለሁ። የሚያፈስ ቧንቧ ከመሬት በታች እንደ ተቆጣ ድመት «እስስስ» ይላል። እዚያ ላይ በጠመኔ መስቀል እሠራለሁ፤ ቆፋሪዎቹ ይቆፍራሉ፤ ውሃው ይገኛል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ መስቀሌ ያለበት ቦታ ተቆፍሮ ደረቅ አፈር ወጣ። ውሃው የተገኘው ስድስት እርምጃ ወዲያ ነው። የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ ዕድሜ ልኩን ጉድጓድ ውስጥ ስለኖረ ፍልፈል የምንለው፣ አፋፉ ላይ ቆሞ አየኝ። ምንም አላለም። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር።

ረቡዕ 5

ሌላ ደረቅ ጉድጓድ። በዚህ ወር ሁለተኛ፣ ካለፈው ጋር አምስተኛ። ፍልፈል ከኋላዬ ሆኖ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ዞር ስል አፉ ተዘግቷል። መኪናው ሊሄድ ነው፣ ይብቃኝ።

ዓርብ 7

ቤቴ ውስጥ ስለ ዶሮ ይመከራል።

ከሥራ ስገባ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ልጄ፦ «የአባባን ዶሮ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያየው» ስትል ሰማሁ። እናቷም፦ «አዎ፣ ጭራሽ ሳይጠፋ» አለች።

እኔ ዶሮ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።

እራት ላይ ነገሩን አፍረጠረጥኩት። «ዶሮ ማርባት ከታሰበ ለእኔም ይነገረኝ። ጓሮው ጠባብ ነው፤ ሽታም አለው» አልኩ። ልጄን ውሃ ትን አላት። ባለቤቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትገልጠው ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። የሳቅ ይሁን የሌላ አልለየሁትም። በቤቴ ተሳቀብኝ፣ ይህን ነው የማውቀው።

ጉዳዩን በቁም ነገር የያዙት አማቴ ብቻ ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከደከመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። «ምንድን ነው የሚረባው?» ብለው ጮኹ። «ዶሮ!» አልኳቸው። «በሬ? በሬማ ምን ላይ ይቆማል!» አሉ። በዚህ ቤት ፊት ለፊት የሚናገሩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ቃል አንድም አምልጦኝ አያውቅም።

እሑድ 9

ሰባኪው እንኳ ማጉረምረም ጀምሯል። ድሮ ግድግዳ ያናውጥ የነበረ ሰው! ምእመኑ በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምን ብሎ ነው?» አለችኝ። ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ አልኳት። አሁን ሳስበው፣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለምን ጠየቀችኝ? ልትፈትነኝ ነው።

ደግሞ ግቢያችን ያለው ዛፍ ላይ የነበሩት ወፎች ጠፍተዋል። ጎረቤት መርዝ አስቀምጦ መሆን አለበት። ለባለቤቴ ስነግራት ዛፉን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም አለች። አንድ ነገር ታውቃለች።

ሐሙስ 13

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ጓዳ ሆና በስልክ ታወራ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «መፈታት አለበት። እኔም ታከተኝ … ሰኞ ረፋድ፣ ክፍል ስድስት … ባይነገረው ነው የሚሻለው፤ ካወቀ እግሩን አያነሳም።»

መፈታት! ሃያ ስምንት ዓመት። ሰው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል?

እሷ ልብስ ልትሰበስብ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈትኩ። በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት ካርድ አገኘሁ፤ ቀን፣ የመንገድ ስም፣ «ክፍል 6»። ከሥሯ የእኔ የጨጓራ መድኃኒት አለ፤ ስወጣ ሁልጊዜ የምረሳው። ሁለቱንም እንደነበሩ መልሼ ዘጋሁት።

የሌባ ልብ እንዲህ ነው የሚመታው ማለት ነው።

ሰኞ 17

ለመሥሪያ ቤት ጥርሴን አሞኛል አልኩና ተከተልኳት።

ሰው ሚስቱን ሲከተል እንዴት እንደሚራመድ ማንም አላስተማረኝም። አንዴ ፈጥኜ ልደርስባት ትንሽ ቀረኝ። አንዴ ዞር ስትል የዳቦ ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ ተራ ሰረቅህ የሚለኝ መሰለኝ። ገብቼ መውጣት አሳፈረኝና ሦስት ዳቦ ገዛሁ።

ሕንፃው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በሩ አጠገብ ነጭ ሰሌዳ፦ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ»። ከሥሩ ሌሎች ሰሌዳዎችም ነበሩ፤ አላነበብኳቸውም። ምን ያደርጉልኛል? ዳቦዬን ታቅፌ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ወደ ውስጥ መግባት እችል ነበር። አልገባሁም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጣች፤ ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር።

ማታ «የት ዋልሽ?» አልኳት።

«ክር ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር» አለችና አንድ ጥቅልል ሰማያዊ ክር አሳየችኝ። ሳይጠየቅ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አየች። «ይሄ ሁሉ ዳቦ ምንድን ነው?»

«ርቦኝ ነው።»

ሁለታችንም ዋሸን፤ ተቀምጠንም በላን። ዳቦው ጥሩ ነበር።

ረቡዕ 19

ወጥመድ አጠመድኩ። ትናንት በማለዳ ምልክቴን ካደረግሁ በኋላ፣ መስቀሉ መካከል ላይ ትንሽ ምስማር በመዶሻ መታሁ። ጠመኔ ሊጠፋ፣ ሊዛወር ይችላል። ምስማርን ግን ማን ያስተውለዋል? እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብዬ ዛሬ ከቆፋሪዎቹ ቀድሜ ደረስኩ።

ምስማሩ በቦታው ነው። መስቀሉም በቦታው ነው። ጉድጓዱ ደረቅ ወጣ።

አንድ ሰው ምስማሩን ነቅሎ መልሶ ሊመታው ይችላል።

ይችላል።

ዓርብ 21

ልጄ የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ያለበትን መንገድ አዳመጥኩ። የአጥሩ ሥር ይረጥባል የሚል ቅሬታ ቀርቦ ነው። የልጄ ቦታ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ዝም ያለ መንገድ ነው። ሰሞኑን ከተማው በሙሉ ዝም ብሏል። አትክልት የሚያጠጡት ውሃ ይሆናል። «ንጹሕ» ብዬ ፈረምኩ።

እሑድ 23

ሳምንቱን ሙሉ ማዕድ አልባረክሁም። በቤታችን የምባርከው እኔ ነኝ። ዛሬ ምሳ ቀርቦ ሁሉም አንገቱን ሲደፋ እኔ ማንኪያዬን አነሳሁ።

«ዛሬም ሊባረክ አይደለም?» ብለው አማቴ ጮኹ። «ፈጣሪ ምን በደለህ?»

ከሚፈቱኝ ሰዎች ጋር አሜን አልልም የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ እባርካለሁ!» ብለው ጀመሩ። የሞቱትን ዘመዶች በየስማቸው፣ የታመሙትን በየበሽታቸው አነሱ። አንዱን አጎት ከሞቱት መካከል ጠርተውት፣ በሕይወት መኖሩ ትዝ ብሏቸው ወደ ታመሙት መለሱት። ሾርባው ቀዘቀዘ። ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን በእግሯ ነካች፤ ሳቋን ይዛ ፊቷ ቀልቷል። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ክፍል ስድስት ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ 25

የባለቤቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሲበራ አየሁ። ድምፁን አጥፍታዋለች፤ ይህም አንድ ማስረጃ ነው። መስታወቱ ላይ የተጻፈው፦ «ፍልፈል (የሥራ ባልደረባው)»።

ሮጣ መጥታ አነሳችውና ይዛው ወጣች።

ከሰው ሁሉ ፍልፈል! የሠርጉ ዕለት እንኳ ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ የነበረበት ሰው! እኔ ሽንፈቴን ልቀበል እችላለሁ፤ ግን እንዲህ ባለ ሰው?

ዓርብ 28፣ ረፋድ

ፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኔ ቫልቩ ላይ ነኝ። ከጧት ጀምሮ ዓይኔን አላይም ብሏል። ቁርሱን አካፈለኝ፣ ለምን? የበደለ ሰው ነው የሚያካፍለው። ዛሬ ከወጣ በኋላ ፊት ለፊት እጠይ

ያው ቀን፣ አመሻሽ

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ጭቃው አልለቀቀም።

ከላይ ያለችው መስመር ስትቋረጥ የሆነው ይህ ነው። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ይጠልቃል። ፍልፈል ታች ወርዶ የአሮጌውን ቧንቧ መጋጠሚያ ያጸዳ ነበር። ሁለቱ ቆፋሪዎች እንጨት ሊያመጡ ሄደዋል። እኔ አሥራ አምስት እርምጃ ርቄ ቫልቩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ አንድ ብቻ ነው፦ ፍልፈል «ዝጋ!» ሲል መዝጋት። ጀርባዬን ለጉድጓዱ ሰጥቼ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ስለ እሱ እጽፍ ነበር።

አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ገለበጠኝ። ቀይ ባንዲራ ይዛ መኪና የምታስቆመው ሠራተኛችን ናት። ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እጇ ወደ ጉድጓዱ ይጠቁማል። ስዞር ውሃው ከጉድጓዱ አፍ በላይ እየተረጨ ነው።

ቫልቩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ሮጬ ስደርስ ፍልፈል እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ ነው፤ አንድ እግሩን ጭቃው ይዞታል፤ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀልብሶ ይተነፍሳል። በሆዴ ተኝቼ ቀበቶዬን ወረወርኩለት። እኔና ባንዲራ ያዧ ጎትተን አወጣነው። ጫማው እዚያው ቀረ።

ተንጋሎ ብዙ አሳለው። ከዚያ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲመታኝም ፈለግሁ። ፊቱን ፊቴ ድረስ አምጥቶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየነከሰ፦ «ዘጠኝ ጊዜ ጠራሁህ» አለኝ።

ኃላፊያችን በመኪና ደረሰች። ወጣት መሐንዲስ ናት፤ «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ምን እንደሆነ ጠየቀች። አፌን ስከፍት ፍልፈል ቀደመኝ። «ቫልቩ ነክሶ ነው። ዝገት ነው» አላት።

እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ 29

ለምን ዋሸልኝ? ምን ፈልጎ ነው? እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ሲስቅ እንኳ አላየሁትም።

ዘጠኝ ጊዜ።

እሑድ 30

ባለቤቴና ልጄ ገበያ ወጥተው አማቴ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። «በሩን ዝጋ፣ ሚስጥር ነው!» ብለው ሲጮኹ የጎረቤት መስኮት ሲከፈት በዓይኔ አየሁ።

«ተቀመጥ። የት ነው የምታየው?»

«እርስዎን ነዋ።»

«አፌን ነው የምታየው። የሁሉንም ሰው አፍ ነው የምታየው። እኔም እንዲሁ ነበር የጀመርኩት።»

ፎጣቸውን አንስተው ከአፍንጫቸው በታች ሸፈኑ። ዓይናቸው ብቻ ቀረ። እኔ ጠበቅሁ። ጸሎት ሊያደርጉ ነው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይተው ፎጣውን አወረዱት።

«ምን አልኩህ?»

«ምንም አላሉኝም፣ እማማ።»

«ስምህን ጠራሁ። ከዚያ ‹አንተ ግትር በቅሎ› ብዬ ሰደብኩህ። ከዚያ መረቅሁህ። ስድቡስ ይሁን፣ ምርቃቱ አመለጠህ!»

ልስቅ ፈልጌ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ያዙኝ። እጃቸው እንደ ወረቀት ቀሎኛል።

«ጆሮዬ ሲከዳኝ ጆሮዬ መሆኑን አላወቅሁም። ሰው የከዳኝ ነው የመሰለኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል። ይሰድበኛል አልኩ። ይረግመኛል አልኩ። አራት ዓመት በአንድ ማዕድ አልቀረብኩም። ከሞተ በኋላ ልጄን፣ ያችን ሚስትህን፣ ጠየቅኋት። ‹አባትሽ ከሰዓት ከሰዓት ምን እያለ ነበር የሚረግመኝ?› አልኳት። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ሻይ ልቅዳልሽ ወይ ነበር የሚልሽ› አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ። ሻይ ልቅዳልሽ ወይ።»

ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ» አሉ ቆይተው። «ሐሜት ለተሐሚው አይደርስም ለማለት ነው ይላሉ። እኔ ግን የማውቀው ሌላ ነው። ባዳነቱ የእውነት ነው፤ ጥሎህ ሲሄድ እንኳ ደህና ሁን አይልህም።»

አንድ ነገር እዚህ አልጻፍኩም ነበር። ባለፈው ዓመት ልጄ ስለ ጆሮዬ አንድ ጊዜ አንስታብኛለች። «አባባ፣ ብትታይ» አለችኝ። በሩን በላይዋ ላይ ዘግቼ ወጣሁ፤ ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ጆሮው የምባል ሰው ጆሮዬን ልታይ? ከዚያ በኋላ ማንም በፊቴ አላነሳውም። እንዲንሾካሾኩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ ያውም ከተንሾካሾኩ ነው።

ሰኞ 1

ትናንት ማታ ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን ስትከድን ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ልትፈቺኝ ነው ወይ?» አልኳት።

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«መፈታት አለበት ስትዪ ሰምቻለሁ። ጠበቃው ዘንድ ስትገቢም አይቻለሁ።»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን እንደ ሕፃን አስተማሪ እያላቀቀች፦ «መ-ፈ-ተን! መፈተን አለበት ነው ያልኩት! ጆሮህ!»

«ዶሮዬ?» አልኳት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ ሮጣ መጣች፤ እሷም ገብቷት ሳቀች። ባለቤቴ ግን ሳቁ አልቆላት ነበር። «ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደምፈታህ እያሰብክ አጠገቤ ተኛህ?» አለችኝ። ቦርሳዋን መክፈቴንም ነገርኳት። መድኃኒቱን ሳገኝም እንዳላፈርኩ ነገርኳት። ይሄኛው ከፍቺው ይልቅ አስከፋት።

ፍልፈልን የጠየቅኋት በመጨረሻ ነው። ከሁለት ወር በፊት የደወለላት እሱ ነው። «ደረቅ የወጡትን ጉድጓዶች በእኔ ስህተት ነው የማስመዘግበው፤ ግን አንድ ቀን ሰው ይሞታል፤ እባክሽ አሳክሚው» ብሏት ነበር። ሊሞት የነበረውም እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ ክፍል ስድስት ሄድን፤ ያን ሰኞ ሄዳ ያስያዘችልኝ ቀጠሮ ነው። የጠበቃው ቢሮ ታች ነው፤ የጆሮ ሐኪሟ ላይ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህን ተጫን አለችኝ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ማሽኑ አልተከፈተም አልኳት። ተከፍቷል አለች። ተበላሽቷል አልኳት፤ ሃያ ስድስት ዓመት በመስሚያ ዕቃ ሠርቻለሁ፣ የተበላሸ ዕቃ አውቃለሁ። ሐኪሟ ማዳመጫውን አውልቃ ለባለቤቴ ሰጠቻት። ባለቤቴ ወዲያው ቁልፉን ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ሦስተኛ፣ አራተኛ። በአምስተኛው ዓይኗን ከእኔ መለሰች።

ከእንግዲህ ማስረጃ አልፈልግም።

ሐሙስ 4

ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ፍልፈል በር ላይ አግኝቶ «ምን ልትል ነው?» አለኝ። «ቫልቩ አልነከሰም ልል ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አብሮኝ ገባ።

ሁሉንም ነገርኳት። ባለፉት አራት ወራት «ንጹሕ» ብዬ የፈረምኳቸውን አሥራ አንድ መንገዶች በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ስምንተኛው የልጄ መዋዕለ ሕፃናት ነው። እሱን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ጋሼ፣ ዘንጉን ያስቀምጡት» አለችኝ። በዝግታ ነው ያለችው፤ እንዲደርሰኝ። ጥግ ላይ አቆምኩትና ወጣሁ። ፍልፈል ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ቁርሱን ለሁለት ከፈለው። ዛሬ ለምን ብዬ አልጻፍኩም፤ በላሁ።

ረቡዕ 10

ከሌላው ክፍለ ከተማ የምታዳምጥ ሴትዮ መጥታ አሥራ አንዱንም መንገድ ዞረችው። ዘጠኙ ደህና። ሁለቱ ያፈሳሉ። አንዱ የመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ሥር ነው።

ሲቆፈር ቆሜ አየሁ። ልጆቹ ጧት ጧት የሚሰለፉበት ቦታ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሰው ቆሞ የሚገባበት ባዶ ሆኗል። ከላይ የቀረው አንድ ስንዝር አስፋልት ነው። አንድ ስንዝር። ፍልፈል አካፋውን ገፋ ሲያደርገው ተሰብሮ ገባ። የአጥሩ ግንብ ላይ ተደገፍኩ። ለምን እንደተረፉ አላውቅም። የእኔ ብልሃት ግን አይደለም። ማንን ማመስገን እንዳለብኝ ለማወቅ ሰባኪ አላስፈለገኝም።

ልጄ ሕፃናቱን ገመድ አስይዛ ከሩቅ ታሳያቸዋለች። አንዲት ልጅ «መምህር፣ ይሄ የፍልፈል ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች አሉ። ልጄ መልስ ሳትሰጥ ፍልፈል ጭቃ ለብሶ ከጉድጓዱ ብቅ አለ። የልጆቹ ጩኸት ለእኔ እንኳ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው ፍልፈል ሲስቅ ያየሁት። የፊት ጥርስ የለውም።

ልጄ መጣችና ክንዴን ያዘች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «አባባ» አለችኝ፣ አገጬን በእጇ ወደ ላይ አድርጋ። «ስናገር እየኝ። ተገኝቷል እኮ።»

ማክሰኞ 16

መስሚያውን አደረጉልኝ። ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ሐኪሟ መጀመሪያ ያስቸግርሃል ብላኛለች፤ ለካ ደግ ቃል ነው የመረጠችው። ወረቀት ይጮኻል። ሱሪዬ ስራመድ ይጮኻል። ባለቤቴ ምግብ ስታላምጥ ይሰማኛል፤ ይህን ግን አልነገርኳትም፤ ትዳሬ ገና ከፍቺ መትረፉ ነው።

እራት ላይ ባረክሁ። አሜን ሲባል አማቴ እንደ ልማዳቸው «አሜን!» ብለው ሲያስተጋቡ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «እማማ፣ ኧረ ይቀንሱልኝ!»

«ምን ይላል?»

«ቀንሱ ይላል!» አለች ልጄ።

«ልቀንስ? ሠላሳ ዓመት ጮኼ ያሳደግኩት ድምፅ ነው!» አሉ። ለእሳቸውም እንዲህ ያለ መስሚያ እናሠራልዎት አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚበቃኝን ሰምቻለሁ። ይልቅ ሻይ ቅዳልኝ።» ቀዳሁላቸው።

ሥራ አልተባረርኩም። ከአርባ ዓመት በፊት የተቀበሩ ቧንቧዎች በካርታ ላይ የሉም፤ ያሉት በእኔ ጭንቅላት ነው። ቢሮ ተቀምጬ እስላቸዋለሁ። አፍሬያለሁ? አዎ። ጧት ከዘንጉ አጠገብ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ዓርብ 19

ዛሬ ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ነቅቼ መስሚያዬን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ልማድ እንዲሆነኝ ነው። ክፍሉ ገና አልነጋለትም። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የነቃሁ አልመሰላትም። ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚመስል። ትጸልያለች።

ሃያ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር ማለዳ እንደምትጸልይ አላውቅም ነበር። እናቷ ጎረቤት ቀስቅሰው ነው የሚጸልዩት፤ እሷ ለካ እንዲህ ናት።

መጀመሪያ ልጃችንን አነሳች። ከዚያ እናቷን። ከዚያ ፍልፈልን ከነጥርሱ። ከዚያ ስሜን ጠራች፤ ጆሮው ሳይሆን፣ እናቴ ያወጣችልኝን። «ጌታዬ፣ አሁን እንግዲህ ጆሮ ሰጥተኸዋል» አለች። «በዚያው ደግሞ…»

ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ትንፋሼን ይዤ ቃል በቃል እጽፈው ነበር። ይህ ግን የተነገረው ለእኔ አይደለም። መስሚያውን ቀስ ብዬ አወጣሁና መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት። ክፍሉ ዝም አለ። ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ደስ አለኝ።

ስትጨርስ ዞር አለች። ዓይኔ እንደተከፈተ አየችና ደነገጠች። ከንፈሯን አነበብኩ፦ «ሰማኸኝ እንዴ?»

«ምኑን?» አልኳት።